የደከመ የፓምፕ ሞተር ከመታደሱ በፊት ውስጡ ይለካ

ከዝዋይ ሐይቅ ውኃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያለሙ የመቂና የባቱ አካባቢ አርሶ አደሮች የናፍጣ ፓምፕ ትልቅ ንብረት ነው። ሞተሩ ቆመ ማለት ሽንኩርቱ ጠወለገ ማለት ስለሆነ ጥገናው በጥድፊያ ይከናወናል፤ ፋሻው ብቻ ተለውጦ ወደ ማሳው ይመለሳል። ኪሣራው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የስምጥ ሸለቆ አቧራ በተቀደደ የአየር ማጣሪያ በኩል ሲገባ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የሚበላውም እኩል አይደለም፤ ይበልጥ የሚሰፋው ከላይ፣ ፋሻው በሚመለስበት በኩል ነው። በሰፋ ሲሊንደር ውስጥ የገባ አዲስ ፋሻ ጭሱን አያቆምም። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከላይም ከታችም ተለክቶ፣ ካስፈለገ አዳማ ተወስዶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ ይደረግና ልኩን የጠበቀ ፒስተን ይገባለታል።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ አለዚያም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ቴስታታው በነጭ ጋዝ ታጥቦ በደንብ ከተወለወለ በኋላ የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ዱቄቱ ወጥቶ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይታያል። ይህን ለማድረግ ጋራዥ አያስፈልግም፤ ማሳው ዳር ይሠራል። መስመሩ በቫልቮቹ መካከል ከታየ ግን በብየዳ ገንዘብ ከማባከን ደህና ቴስታታ ፈልጎ መግዛት ይሻላል።