በክረምት ፀሐይ የሚገባበት፣ በበጋ የማይገባበት ቤት

በበጋ መዝጋን ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ የመብራት ሒሳብ ይከብዳል፤ ከጠፋ ደግሞ እንቅልፍ የለም። ሙቀቱ ከሁሉ በላይ አረጋውያንንና የልብ ሕመም ያለባቸውን ይጎዳል። ከእስራኤል በባሕር ማዶ ቅርብ በሆነችው በቆጵሮስ ደሴት ግን ሰዎች መዝጋን ከመምጣቱ በፊት ይህን ችግር በቤት አሠራር ያቃልሉት ነበር።

ዘዴው የፀሐይን መንገድ ማወቅ ነው። በቆጵሮስ ዋና ከተማ በኒቆስያ፣ በጁን ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ 78 ዲግሪ ከፍ ብላ ወደ አናት ትጠጋለች። በዲሴምበር ግን ከ31 ዲግሪ ብዙም ሳትበልጥ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ታልፋለች። ስለዚህ በደቡብ ካለው መስኮት በላይ ወጣ ያለ ክፍክፍ ካለ የበጋውን ፀሐይ ያስቀራል፤ የክረምቱ ፀሐይ ግን ከሥሩ ገብቶ ቤቱን ያሞቃል።

በቆጵሮስ የድሮ ቤቶች ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ፣ ጣሪያ ያለው በረንዳ ወደ ደቡብ ዞሮ ይሠራ ነበር። ስሙ «ኢሊያኮስ» ሲሆን «የፀሐይ» ማለት ነው። በግቢው የሚተከለው ወይን በበጋ ጥላ ይሰጣል፤ በክረምት ቅጠሉ ረግፎ ፀሐይ ያሳልፋል። ግድግዳው ወፍራም የጭቃ ጡብ ወይም ድንጋይ ነው። በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል፤ ወፍራም ግድግዳ ሙቀትን ቶሎ አያስገባም።

በፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ግድግዳውን ሊለውጥ አይችልም፤ ሆኖም ከዚህ አሠራር የሚወስደው ነገር አለ።

አንደኛ፦ ፀሐይን ከመስታወቱ ውጪ ማስቆም። መጋረጃ ከውስጥ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያገኘው ከገባ በኋላ ነው። ከውጪ ያለው ትሪስ ግን ሳይገባ ይመልሰዋል።

ሁለተኛ፦ ምሥራቅና ምዕራብን መለየት። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል በእነዚህ ጎኖች ክፍክፍ ብቻውን አይበቃም። የምሥራቁ ትሪስ ከማለዳ ጀምሮ፣ የምዕራቡ ደግሞ ከቀትር ጀምሮ ቢዘጋ ይጠቅማል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው የቤቶን ግድግዳ ሙቀቱን ወደ ውስጥ የሚለቀው ዘግይቶ ስለሆነ፣ በምዕራብ በኩል ያለ መኝታ ቤት ሌሊት ይሞቃል።

ሦስተኛ፦ መስኮትን በጊዜው መክፈት። ውጪው ከቤቱ ሲሞቅ መዝጋት፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በሁለት ተቃራኒ ጎን ከፍቶ ነፋሱን ማሳለፍ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ልክ አለው። ሻራቭ ሲመጣ፣ ወይም በባሕር ዳርቻ ከተሞች ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ ሲቀር፣ ትሪስ ብቻውን አያድንም። በእንዲህ ያለ ቀን አረጋውያን ለመብራት ሒሳብ ብለው መዝጋኑን ማጥፋት የለባቸውም። በቀዝቃዛ ክፍል መቆየትና ውኃ መጠጣት ከሒሳቡ ይቀድማል። ትሪሱ በጊዜው ከተዘጋ መዝጋኑ ራሱ ብዙ ሳይደክም ክፍሉን ያቀዘቅዛል።