አንደበት የሚፈተነው ቤት ውስጥ ነው

ዐቢይ ጾም ሲገባ የብዙ ቤቶች ወጥ ቤት መልኩን ይለውጣል። ቅቤው ይነሣል፤ የፍስኩ ድስት ታጥቦ ለብቻው ይቀመጣል፤ ሽሮና ምስር፣ ሱፍና ተልባ ተራቸውን ይረከባሉ። ለ55 ቀናት ሥጋና ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ወደ አፍ አይገቡም። ወደ አፍ የሚገባውን በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠብቅ ቤተሰብ ከአፍ የሚወጣውንስ እንዴት ይጠብቀዋል? በዚያው ጾም ልጅ “ደደብ” ተብሎ ሲሰደብ፣ የቤት ሠራተኛዋ በአንድ ብርጭቆ ምክንያት ስትዋረድ፣ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ጎረቤት ስትታማ “ጾሜ ፈረሰ” ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ አይደለም።

የክርስትና ትምህርት ግን ሁለቱን ለያይቶ አያያቸውም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ሰውን የሚያረክሰው ከአፉ የሚወጣው ነገር እንደሆነ አስተምሯል፤ ምንጩም ልብ መሆኑን ገልጿል። በቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓም ጾም የሆድ ብቻ ሳይሆን የዓይን፣ የጆሮና የአንደበት ጭምር መሆኑ ይዜማል። ይህ የምግቡን ጾም ማቃለል አይደለም። ጾሙ እስከ የት እንዲዘልቅ እንደታሰበ ማሳየት ነው።

ትንሹ ልጓም

ስለ አንደበት በአዲስ ኪዳን ውስጥ ከያዕቆብ መልእክት በላይ አጥብቆ የተናገረ መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል። ሐዋርያው በምዕራፍ 1 መጨረሻ ላይ አምላኪ ነኝ የሚል ሰው አንደበቱን ካልገታ አምልኮው ከንቱ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። በምዕራፍ 3 ደግሞ በንግግሩ የማይሰናከለውን ሰው ፍጹም ይለዋል። ምሳሌዎቹም ለማንም ግልጽ ናቸው፦ ግዙፉን ፈረስ የሚመራ ልጓም፣ ትልቁን መርከብ የሚያዞር ትንሽ መሪ፣ ጫካ የሚያቃጥል ጥቂት እሳት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያዕቆብ የብስለት ምልክት አድርጎ ያቀረበው የጸሎትን ርዝመት ወይም የጥቅስን ብዛት አይደለም። ንግግርን መግዛት ነው። ምክንያቱ ብዙም አይርቅም። ጸሎትና ጾም ሰዓት አላቸው፤ ሰው ተዘጋጅቶ ይገባባቸዋል። ንግግር ግን ሳንዘጋጅ፣ ደክሞን፣ ርቦን፣ ተናደን ሳለ ያመልጠናል። በልብ ውስጥ ያለውም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ስንኝ፣ 19 ዓመት

በአራተኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ ይኖሩ የነበሩት አባ ጳምቦ ፊደል አልቆጠሩም ነበርና መዝሙረ ዳዊት ለመማር ወደ አንድ መምህር ሄዱ። መምህሩ መዝሙር 38ን (በሌላው አቆጣጠር 39ን) ጀመሩላቸው። መዝሙሩ የሚከፈተው በአንደበት ላለመበደል በሚደረግ ውሳኔ ነው። አባ ጳምቦ የመጀመሪያውን ስንኝ እንደሰሙ ይህ ይበቃኛል ብለው ተነሡ። መምህሩ ከስድስት ወር በኋላ ለምን እንደቀሩ ቢጠይቋቸው ያንኑ ስንኝ ገና በሥራ እንዳልተማሩት ነገሯቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሞ አንድ ወዳጃቸው አሁንስ ተማሩት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። በ19 ዓመት ውስጥ በጭንቅ እንደሆነላቸው መለሱ። ታሪኩን የጻፈልን የአምስተኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ ነው።

በበረሃ የሚኖር መነኩሴ 19 ዓመት ከፈጀበት የትራፊክ መጨናነቅ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ጩኸት ያለበት ሰው በአንድ ሱባኤ አይሆንለትም። ይህ የሚያጽናና ነው። ታሪኩ የሚያስጠነቅቀን ነገርም አለ፦ አባ ጳምቦ የመጀመሪያውን ሳይኖሩት ወደ ሁለተኛው ትምህርት አልሮጡም።

መልስ የማይሰጡን ሦስት ሰዎች

ለአለቃችን፣ ለባንክ ሠራተኛ ወይም ለንስሐ አባታችን ስንናገር አንደበታችን አብዛኛውን ጊዜ የተገራ ነው። ስለዚህ ልጓሙ በእጃችን አለ ማለት ነው። ጥያቄው የት እንደምንጥለው ነው። መልስ መስጠት በማይችሉ ሰዎች ፊት የምንጥለው ከሆነ በውጭ ያሳየነው ጨዋነት እምነት ሳይሆን ፍርሃት ወይም ይሉኝታ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ሰው ልጅ ነው። “ድሮም አንተ”፣ “የአክስትህ ልጅ አንደኛ ሲወጣ አንተ…”፣ “ቁርጥ አባትህን!” የሚሉት ቃላት ለተናጋሪው በአንድ ሌሊት ይረሳሉ። ልጁ ግን ራሱን የሚያውቀው ወላጆቹ በሚጠሩት ስም ነው። የመጨረሻው ደግሞ በአንድ ቃል ሁለት ሰው ይመታል፤ ልጁ ራሱንም አባቱንም እንዲያፍርባቸው ያደርጋል።

ሁለተኛዋ የቤት ሠራተኛችን ናት። ከቤተሰቧ ርቃ፣ በእኛ ጣሪያ ሥር፣ ደመወዟን ከእጃችን እየጠበቀች ትኖራለች። ብትመልስ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። በዚህ ቤት የሚኖረው እምነት ምን እንደሚመስል ከሰባኪው ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ልጆችም ከእነሱ በታች ነው የሚሉትን ሰው እንዴት ማናገር እንዳለባቸው የሚማሩት እኛ እሷን ስናናግር ሰምተው ነው።

ሦስተኛው በቦታው የሌለው ሰው ነው። “ሐሜት አይሁንብኝና” ብለን የጀመርነው ወሬ ብዙ ጊዜ ሐሜት ነው። በጸሎት ኅብረት ውስጥም “እንድትጸልዩላት ብዬ ነው” ተብሎ የሰው የትዳር ገመና ይዘረገፋል። ድሮ ወሬው ቡናው ሲያልቅ ይበርድ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባለቤቱ ጆሮ እስኪደርስ አይቆምም።

ዝምታ ሁሉ ብስለት አይደለም

አንደበትን መግዛት ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኮረፈ ባል ከሁሉ በላይ መንፈሳዊ በሆነ ነበር። ለሦስት ቀን የዘለቀ ኩርፊያ ያለ ቃል የሚወረወር ድንጋይ ነው። አሽሙርም እንዲሁ። “እኔ እኮ ምንም አላልኩም” እያሉ ነገርን በጎን መወርወር ስድብ አይባል እንጂ ከስድብ አያንስም፤ የተነካው ሰው አቤት የሚልበት ቃል እንኳ አያገኝም።

መናገር የሚገባበት ጊዜም አለ። ነቢዩ ናታን የንጉሥ ዳዊትን በደል አላለፈውም። ራሱ ዳዊት ዘንድ ሄደ፤ ስለ አንዲት የድሃ በግ ምሳሌ ነገረው፤ ንጉሡም በራሱ አፍ በራሱ ላይ እንዲፈርድ አደረገው። ናታን ያወራው ከበዳዩ ጋር እንጂ ስለ በዳዩ አይደለም። የበሰለ አንደበት መለያው ይህ ነው፦ እውነቱን ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለሚመለከተው ሰው ነው፤ ዓላማውም ሰውየውን መመለስ ነው።

ከየት እንጀምር?

ሰዓትዎን ይወቁ። ክፉ ቃል በየቤቱ የራሱ ሰዓት አለው። ለአንዱ ከሥራ ገብቶ እራት እስኪቀርብ ያለው ጊዜ ነው፤ ለሌላው ጠዋት ልጆች ለትምህርት ቤት ሲጣደፉ ነው። ያንን ግማሽ ሰዓት ለይቶ በዚያ ላይ መጸለይ “አንደበቴን ጠብቅልኝ” ከሚል ጥቅል ጸሎት ይልቅ ይረዳል።

ስለ ሌላ ሰው ከመናገርዎ በፊት ሰውየው አጠገብዎ ተቀምጧል ብለው ያስቡ። ቃሉን በፊቱ የማይደግሙት ከሆነ ይተዉት። በንዴት የቀዱትን የድምፅ መልእክትም ሳይልኩ ያሳድሩት፤ ጠዋት ሲሰሙት የራስዎን ድምፅ ላይወዱት ይችላሉ።

ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ ሲናገሩ “በአንደበቴ በድያለሁ” ብቻ አይበሉ። ማንን፣ ምን ብለው እንደበደሉ ይናገሩ። ስም የሌለው ንስሐ ስም ያለውን ሰው አይክስም።

ከሁሉ የሚከብደው ይቅርታ ነው። ልጅን ወይም የቤት ሠራተኛን “ያልኩሽ ቃል ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ” ማለት ክብር አይቀንስም። “ግን አንቺም…” የሚል ቅጥያ ከታከለበት ግን ይቅርታው ወዲያው ወደ ክስ ይለወጣል።

ለውጡም የሚታወቀው በትንሽ ነገር ነው። ብርጭቆ ሲሰበር ስብርባሪውን የሚደብቅ ልጅ ያለበት ቤት አለ። “እማዬ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት” ብሎ ራሱ የሚመጣ ልጅ ያለበት ቤትም አለ። የሁለተኛው ቤት ልጅ የሚመጣው በዚያ ቤት እውነት የተናገረ ሰው በቃል እንደማይደበደብ ስለሚያውቅ ነው።