በጓሮ ያለ ርስት

ልጆች ሆይ፤ ርስት ማለት ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ርስት አባት ለልጁ፥ ልጅም ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ነገር ነው። አንዳንዱ ሕዝብ ከድንጋይ የተጠረበ ሐውልት ይወርሳል፤ አንዳንዱም በብራና የተጻፈ መጽሐፍ ይወርሳል። ሌላው ደግሞ ሲያዩት ተራ የሚመስል፥ ነገር ግን ሕይወትን የሚጠብቅ ነገር ይወርሳል። ዛሬ የምንማረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ርስት ነው።

ጃጁራ በሀዲያ ምድር፥ በሶሮ አገር፥ ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የሀዲያ ስም በአገራችን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የተጻፈ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሀዲያን ያነሣል። የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት እቴጌ እሌኒም የሀዲያ ገራድ፥ ማለት የሀዲያ ገዥ፥ ልጅ ነበሩ። ይህ የነገሥታት ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፏልና አንብቦ ማወቅ ይቻላል። በጃጁራ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ግን በጓሮ የተተከለ፥ እናቶችም በልባቸው የያዙት ሌላ ርስት አለ። እርሱም እንሰት ነው።

እንሰት ሙዝን ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው የሚመገበው ፍሬውን ሳይሆን ግንዱንና ሥሩን ነው። ዱር በቀል እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይገኛል፤ ተክሎና ኮትኩቶ ምግቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ በአገራችን 20 ሚሊዮን የሚያህል ሰው በእንሰት ይኖራል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ገበሬው የእንሰቱን ወፍራም ሥር ከመካከሉ ቦርቡሮ ፍግ በተጨመረበት አፈር ይቀብረዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአንዱ ሥር ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያውም ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ይተከላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ ይደርሳል። ያን ጊዜ እናቶች ግንዱን ይፍቁታል፥ ሥሩንም ይከትፉታል፤ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድም ቀብረው እስኪብላላ ድረስ ያቆዩታል። ከዚህ ቆጮ ይጋገራል። ሲፋቅ የሚወጣው ፈሳሽ በጠለለ ጊዜ ከታች የሚቀረው ነጭ ነገር ቡላ ይባላል። ቡላው በቅቤና በወተት ሲሠራ በሀዲያ የተከበረው ምግብ አታካና ይሆናል። ቃጫው ለገመድ፥ ቅጠሉም ለዳቦ መጋገሪያና ለከብት ቀለብ ይውላል። ዝናብ ዘግይቶ እህል በማሳው ሲደርቅ እንኳ እንሰት በአካሉ የያዘው ውሃ ስላለ በቶሎ አይሞትም፤ በጉድጓድ የተቀበረውም ምግብ ለክፉ ቀን ይቆያል።

ለማያውቅ ሰው እንሰት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። የጃጁራ እናት ግን የቅጠሉን መልክና የአንገቱን ቀለም አይታ ይህ ጊምቦ ነው፥ ያ ሲስቀላ ነው ብላ ትለየዋለች። ሊቃውንት በሀዲያ ምድር ባደረጉት ምርመራ እያንዳንዱ በስሙ የሚጠራ 59 ዓይነት እንሰት ቆጥረዋል። አንዱ ቡላው የበዛ ነው፤ ሌላው ቃጫው የጠነከረ ነው፤ አንዱ ቶሎ ይደርሳል፤ ሌላው ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ ይጣፍጣል።

እንግዲህ ከእናንተ አንዱ፥ «ይህ ሁሉ ዓይነት ለምን ያስፈልጋል? ከሁሉ የሚሻለውን አንዱን ብቻ ብንተክል አይበቃምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከሩቅ አገር እናገኛለን።

በአውሮፓ ምዕራብ ዳርቻ አየርላንድ የምትባል ዝናብ የማይጎድልባት ለምለም ደሴት አለች። የገጠር ድሆቿ መሬታቸው ጠባብ ነበረና በትንሽ ቦታ ብዙ ምግብ የሚሰጠውን ድንች ይተክሉ ነበር። ያውም አብዛኞቹ የሚተክሉት አንዱን ዓይነት ብቻ ነበር። ድንች እንደ እንሰት ከራሱ አካል ተወስዶ ይተከላል፤ ስለዚህ ልጁ ከእናቱ አይለይም። ስለዚህም አንዱን የሚገድል በሽታ መሰሎቹን ሁሉ ይገድላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. የድንች በሽታ ወደዚያች ደሴት ገባ። ቅጠሉ ጠቆረ፥ ድንቹም በመሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። የገዦቹም ቸልታ መከራውን አከፋው። እስከ 1852 ዓ.ም. ድረስ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው በረሃብና ረሃብ ባመጣው ደዌ ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም በመርከብ ተሳፍሮ ተሰደደ።

የእኛም እንሰት ጠላት አለው። አጠውላጊ የሚባለው በሽታ ቅጠሉን አጠውልጎ ተክሉን ይገድለዋል። ሊቃውንት ይህን በሽታ መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በጽሑፍ አስታወቁ። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውን ያስተላልፋል። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ቢላዋውን በእሳት ለብልቦ ያነጻል፤ የታመመውንም ነቅሎ ይቀብራል። ደግሞም ሁሉም ዓይነት እኩል አይጠቃም፤ በወላይታ መዚያ የሚባለው ከብዙዎቹ ይልቅ በሽታውን ይቋቋማል። እንግዲህ በጓሮዋ ብዙ ዓይነት የተከለች እናት በሽታ ቢመጣ አንዱን ታጣለች እንጂ ሁሉን አታጣም። አባቶችና እናቶች ይህን ሁሉ ዓይነት ለይተው ያቆዩት በከንቱ አይደለም።

ይህ ርስት ግን በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው፥ እንሰቱ ተነቅሎ በቦታው ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ብቻ ሲተከል ነው። ሁለተኛው፥ ስሙንና ጥቅሙን የሚያውቁት አሮጊቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሳይነግሩ ሲሞቱ ነው። ስሙ የተረሳ ተክል ጠባቂ የለውም፤ ጠባቂ የሌለውም ሳይታወቅ ይጠፋል።

የአየርላንድ ሰዎች ከመከራቸው በኋላ መልካም ሥራ ሠሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1937 እስከ 1939 ዓ.ም. በ5,000 የሚያህሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበሩ 50,000 ያህል ተማሪዎች ወደ ሽማግሌዎች እየሄዱ ጠየቁ። የመንደሩን ታሪክ፥ የቦታውን ስም፥ የቀድሞውን ምግብና የረሃቡን ዘመን ወሬ እየሰሙ በደብተር ጻፉ። ደብተሮቹም ዛሬ በዋና ከተማቸው በደብሊን ባለው ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀው ይነበባሉ። በዕድሜ ከእናንተ ብዙ የማይበልጡ ልጆች የሕዝባቸውን ርስት ጠበቁ።

ልጆች ሆይ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ማንበብና መጻፍ የተማራችሁት የሌላውን ታሪክ ለማወቅ ብቻ አይደለም። ደብተራችሁን ይዛችሁ አያታችሁን በትሕትና ጠይቋቸው። «ይህ እንሰት ስሙ ማን ነው? በምን ይለያል? ለምን ይጠቅማል? በሽታ ሲመጣ የሚጸናው የትኛው ነው?» በሏቸው። የሚነግሯችሁንም በጥንቃቄ ጻፉ። ከዚያ በኋላ በጓሮአችሁ የሌለውን ዓይነት ከጎረቤት ለምናችሁ አንድ ቡቃያ ትከሉ። ስሙ በደብተር የተጻፈ፥ ሥሩም በመሬት የተተከለ ርስት ለልጅ ልጅ ይደርሳል።