ስለ አደን ሥጋና በአጥር ውስጥ ስለሚረባ የዱር እንስሳ ሥጋ ንጽሕናና ምርመራ

የበሬና የበግ ሥጋ በደንብ ሲመረመር እንስሳው በሕይወቱ ሳለ የከብት ሐኪም ያየዋል፤ ከታረደም በኋላ ሥጋውና የሆድ ዕቃው ይታያል። የዱር እንስሳ ግን ከመሞቱ በፊት ሐኪም አላየውም፤ ታሞ እንደ ኾነም የሚያውቅለት እረኛ የለውም። ጥይት አንጀቱን ከበሳው ፈርሱ ሥጋውን ያረክሰዋል። ቈስሎ ብዙ ከሮጠም በጡንቻው ውስጥ ያለው ኀይል ያልቃልና ሥጋው ይጠቍራል፥ ፈጥኖም ይበላሻል። ስለዚህ የአደን ሥጋ ከዱር የመጣ ነውና ንጹሕ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ይልቁንም ከቤት እንስሳ ሥጋ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በዚህ ነገር በዝርዝር ከተደነገጉት ሕጎች አንዱ፥ የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. አውጥቶ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ቍጥር 853 ደንብ ነው። ደንቡ ይህን ሥጋ በሁለት ወገን ይለየዋል።

አንደኛው እንደ አጋዘን ያለ፥ በአጥር ግቢ የሚረባ እንስሳ ነው። ይህ ጌታ ያለው ስለ ኾነ ከመታረዱ በፊት በሐኪም ይመረመራል፤ መታረጃውም ቄራ ነው። ነገር ግን እንስሳው ለመጓጓዝ የማይመች ወይም ሰውን የሚጐዳ ሲኾን፥ በመንግሥት ፈቃድ በሚረባበት ስፍራ ሊገደል ይችላል። ለዚህም መንጋው በየጊዜው በሐኪም የሚታይ መኾን አለበት። በድኑም በንጽሕና ሳይዘገይ ወደ ቄራ ይወሰዳል፤ ከሁለት ሰዓት የበለጠ ጊዜ የሚወስድ ከኾነ መቀዝቀዝ አለበት።

ሁለተኛው በዱር የሚታደነው ነው። እዚህ በሕይወት ሳለ ሐኪም ሊያየው ስለማይቻል፥ የመጀመሪያው መርማሪ የተማረ አዳኝ ነው። ከአዳኞቹ ማኅበር ቢያንስ አንዱ የእንስሳትን አካልና ጠባይ፥ የበሽታንም ምልክት የተማረ እንዲኾን ደንቡ ያዛል። ትልቅ እንስሳ በተገደለ ጊዜ ጨጓራውና አንጀቱ ቶሎ ይወጣል፤ የተማረውም ሰው በድኑንና የወጣውን የሆድ ዕቃ ይመረምራል። እንግዳ ምልክት ካላገኘ፥ እንስሳውም ከመሞቱ በፊት ያልተለመደ ጠባይ ካላሳየ፥ ስፍራውም በመርዝ ያልተበከለ ከኾነ፥ የተገደለበትን ቀን፥ ሰዓትና ቦታ ጽፎ ቍጥር ያለው ወረቀት ከበድኑ ጋራ ያያይዛል። የሚያጠራጥር ነገር ካየ ግን ራሱና ከጨጓራና ከአንጀት በቀር ያለው የሆድ ዕቃ ከበድኑ ጋራ ለሐኪም ይቀርባል። የትልቅ እንስሳ ሥጋ እስከ ውስጡ ድረስ ከ7 ዲግሪ፥ እንደ ቆቅና እንደ ጥንቸል ያለው ትንሽ እንስሳ ደግሞ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይበልጥ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በድን በበድን ላይ መቈለልም ክልክል ነው፤ የተቈለለ ሥጋ ሙቀቱን ይዞ ይቈያልና።

የዱር እሪያ የተለየ ጥንቃቄ አለው። በጡንቻው ውስጥ ትሪኪኔላ የሚባል፥ በዓይን የማይታይ ትል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከሥጋው ጥቂት ተቈርጦ በአሲድ ከተሟሟ በኋላ በማጕያ መሣሪያ ይታያል። ጨው መነስነስ፥ ማድረቅና በጢስ ማጠን ይህን ትል ለማጥፋት አይታመኑም፤ የሚታመነው በሚገባ ማብሰል ነው።

በጥይት ሳይኾን በራሱ ሞቶ የተገኘ እንስሳ ግን ከኹሉ የከፋ ነው። በ2011 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ በዛምቢያ አገር በቻማ ወረዳ 85 ጕማሬዎች በአባ ሰንጋ ሳይሞቱ እንዳልቀረ ተገመተ። የአገሩም ሰዎች ሥጋውን ቈርጠው በሉ። ከዚህ በኋላ 511 ሰዎች በአባ ሰንጋ መታመማቸው፥ 5ቱም መሞታቸው ተነገረ። በኋላ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ፥ ምግብ ካጣን ሞቶ የተገኘውን ዳግመኛ እንበላለን ብለው መለሱ። ከዚህ የምንረዳው፥ የተራበ ሰው በክልከላ ብቻ እንደማይመለስ ነው።

የአባ ሰንጋ ጀርም በድኑ ተከፍቶ አየር ሲያገኘው ጠንካራ ዘር ይኾናል፤ በመሬትም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ በድንገት የሞተ፥ የተነፋ፥ ከአፍንጫውና ከሌላው ቀዳዳ የማይረጋ ጥቍር ደም የሚወጣው እንስሳ አይከፈትም፥ ቆዳውም አይገፈፍም። ተራ ቅቅልም ዘሩን እንዲያጠፋ አይታመንም። በድኑን ከሰውና ከውሻ ጠብቆ ለከብት ሐኪም ማስታወቅ፥ በሐኪሙም ትእዛዝ ማቃጠል ወይም በጥልቅ ጕድጓድ መቅበር ይገባል። የነካው ሰው ቍስል ወይም ትኩሳት ቢይዘው ፈጥኖ ይታከም፤ ቶሎ ከተደረሰበት መድኀኒቱ ይረዳዋልና።

እንግዲህ በየአውራጃውና በየወረዳው ያለው ሹም፥ የሰፊ መሬትም ባለቤት፥ ወሬው ከቢላዋው እንዲቀድም ማድረግ ይገባዋል። ሐኪሙ የት እንደሚገኝ ለየቀበሌው አስቀድሞ ያስታውቅ፤ የሞተ እንስሳ አገኘሁ ብሎ የመጣውንም ሰው ያመስግነው እንጂ አይገሥጸው፤ የተገሠጸ ሰው ኹለተኛ አይናገርምና። የራብ ወራት በኾነበት ስፍራም ከክልከላው ጋራ እህል የሚደርስበትን መንገድ ያስብ።