ያለ ባንድ የተሠራ ሙዚቃ

አንድ ሰው ብቻውን የባንድ ሥራ ሊሠራ ይችላልን? የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሸሞንሟናዬ» በተባለው ካሴታቸው ይህን በዋሽንግተን አሳይተዋል።

የአሠራሩ ዘዴ እንዲህ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከበሮ ምቱን ይይዛል፤ ተጫዋቹም ያንኑ እያዳመጠ የኤሌክትሪክ ፒያኖን፣ ሲንተሳይዘርንና አኮርዲዮንን በየተራ በቴፕ ላይ ይደርባል። ስለዚህ አንዱ እንደ አራት ሆኖ ይሰማል።

ካሴቱ ከጊዜ በኋላ ተረስቶ ነበር። ነገር ግን አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ በባሕር ዳር አንድ ቅጂ ስላገኙ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ለዓለም ተዳረሰ፤ አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው መዝገብ ቤቱ የአድማጩ ሣጥን ነው። እንግዲህ በንፋስ መውጫም ሆነ በእስቴ፣ በየቤታችን ያለውን አሮጌ ካሴት ከመጣላችን በፊት እናዳምጠው።