ከጥርሱ በፊት አጥንቱ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቶ በሃያ ሁለት አድርጎ መገናኛ፣ ከዚያም ወደ ሲኤምሲ የሚዘልቅ ሰው የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ ሳያይ ብዙ ርቀት አይሄድም። በየሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል ተመሳሳይ ነው፤ ነጭ፣ እኩል የተሰደረ ጥርስ። ጥርሱ የሚቆምበት አጥንት ግን አይታይም፤ ለማስታወቂያ የሚመችም አይደለም። ሆኖም ሰው ሠራሽ ጥርስ መርጋት አለመርጋቱን ከተሠራበት ዕቃ ይልቅ ይህ አጥንት ይወስነዋል። አጥንቱ ምን ያህል እንደሚተርፍ ደግሞ በአመዛኙ የታመመው ጥርስ በሚነቀልበት ሰሞን ይለያል። ብዙዎቻችን ስለ ምትክ ጥርስ ማሰብ የምንጀምረው ጥርሱ ከተነቀለ ከዓመታት በኋላ፣ ስንስቅ አፋችንን በእጃችን መሸፈን ስንጀምር ወይም ቆሎ ሲያቅተን ነው። ጥያቄው ከዚያ በፊት፣ መንቀያው አፍ ውስጥ ሳይገባ መነሳት አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጥንቱ ጠባይ ነው። ጥርስን አቅፎ የያዘው የመንጋጋ ክፍል የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው፤ ጥርሱ ሲወጣ ሥራ ፈትቶ መሟሸሽ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የዴንማርክ ጥናት አንድ የጎን ጥርስ የተነቀለላቸውን 46 ሰዎች ለ12 ወራት ተከታትሎ ነበር። የአጥንቱ ስፋት በአማካይ ከ12 ሚሊ ሜትር ወደ 6 ገደማ ወርዶ ተገኘ፤ ከጠፋው ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነበር። ተራ የሆነ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚገባው የታይታኒየም ብሎን፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በግራም በቀኝም ቢያንስ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር አጥንት ይፈልጋል። እንግዲህ ዓመት የቆየ ሰው አጥንቱ ሊበቃም ላይበቃም በሚችልበት ጠርዝ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ጥርሳቸው ሙሉ በሙሉ ባለቀባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ መሟሸሹ አይቆምም። አንትዬ ታልግሬን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙትና እስከ 25 ዓመት ክትትል በተደረገበት ጥናት የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የላዩ ጥርስ ተስማምቶአቸው የታችኛው እየተንሳፈፈ የሚያስመርራቸው ሰዎች የሚበዙት ስለዚህ ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ቤት ያሠራ ሰው ከላይ ከሚሠራው በፊት ሥሩ መዘጋጀት እንዳለበት መረዳት አይከብደውም። በሲኤምሲና በአያት በኩል ያለው ጥቁር መረሬ ክረምት እያበጠ በጋ እየተሰነጠቀ ስለሚያስቸግር፣ መሠረት ከመጣሉ በፊት ተቆፍሮ ይወጣና በሌላ አፈር ይተካል። አፍ ውስጥ ግን ተቆርጦ የሚወጣው ሁሉ ከጥቂት ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ለምትክ ጥርስ አፍን የሚያዘጋጅ ጥሩ ቀዶ ሐኪም የሚታወቀው ባስቀረው ልክ ነው። በጣም የተለመደው ሥራ ከነቀላ በኋላ የሚቀረውን ሹል የአጥንት ጠርዝ መሞረድ ሲሆን፣ በዚያው ማደንዘዣ በዚያው ቀን ይጠናቀቃል። ካልተሠራ ግን ተነቃዩ ጥርስ፣ ማለትም እየወለቀ የሚገባው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ድዱን በአጥንቱ ላይ እየጫነ ያቆስላል፤ ሰውየውም ጥርሱን መሀረብ ውስጥ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ከመጠን በላይ መሞረድም ሌላ ጥፋት ነው፤ መሟሸሹን ያፋጥነዋል። በላንቃ መሐል ወይም ከምላስ ሥር በመንጋጋው ውስጠኛ ጎን የሚወጣ የአጥንት ጉብታ ያላቸውም አሉ። በሽታ አይደለም፤ የሚነሳው ለተነቃዩ ጥርስ መንገድ ከዘጋ ብቻ ነው። ከንፈርን ከድድ ጋር የሚያያይዘው ክር መሳይ ሥጋ ዝቅ ብሎ ጥርሱን የሚገፋ ከሆነ ይቆረጣል። ልኩን የሳተ ጥርስ ለዓመታት ሲያሽ የሚያበቅለው ትርፍ ሥጋ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፦ መጀመሪያ ጥርሱን ለሳምንታት አውልቆ ማየት፣ ካልጠፋ መቁረጥ፣ የተቆረጠውንም ወደ ላቦራቶሪ መላክ። (ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች፣ ድዱ ተከፍቶ ሲሰፋ የንቅሳቱ መስመር ሊዛነፍ እንደሚችል ቀድሞ ቢነገራቸው ደግ ነው። ለሐኪሙ ትንሽ ነገር ነው፤ ለእነሱ ግን ጌጥ ነው።)

አያቶቻችን ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና አርቴፊሻል ጥርስ አድርገው ኖረዋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ብዙ ሰው ከሙረዳ ያለፈ ነገር አያስፈልገውም፣ አንዳንዱም እሱንም አይፈልግም። ይሁን እንጂ "ኖሩ" የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። በወጥ የራሰ እንጀራ ለድድም አይከብድም፤ ቆሎ፣ ድርቆሽና ጥሬ ሥጋ ግን ማዕድ ላይ እያሉ የተከለከሉ ሆኑ፤ ይህንንም ቤተሰቡ በእርጅና አሳበበ። የታችኛው አጥንት በጣም ሲያንስ ደግሞ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳ ከጎን ወደ አናቱ ይመጣና ጥርሱ በነካው ቁጥር እንደ ኤሌክትሪክ ያማል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ የታችኛው ጥርሱ በሙሉ ለወለቀ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ በሁለት ኢምፕላንት የተያዘ ተነቃይ ጥርስ ይሁን ያሉት ይህን ሁሉ አይተው ነው። ሁለት ብቻ እንጂ አሥራ አራት አላሉም።

ኢምፕላንት ራሱ የመጣው ከአጥንት ምርምር ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገቡት የታይታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልወጣ አላቸው፤ በ1965 ደግሞ የመጀመሪያውን ታካሚ አከሙ። ብሎኑ የሚረጋው አጥንቱ ሲይዘው ስለሆነ፣ አጥንት ያነሰበት ሰው መጀመሪያ አጥንት ይጨመርለታል። በላይኛው መንጋጋ ኋላ በኩል ሳይነስ የሚባለው ባዶ ክፍል ከሥሩ ያለው አጥንት ሲሳሳ ወደ ታች ይሰፋል፤ በዚያ ቦታ የሳይነሱን ስስ ሽፋን ከፍ አድርጎ ከሥሩ አጥንት መሙላት ያስፈልጋል፤ መጽናቱም ወራት ይወስዳል። የሚጨመረው አጥንት ከራሱ ከታካሚው መንጋጋ ሊወሰድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በፋብሪካ የተዘጋጀ የከብት አጥንት ነው፤ ከላይ የሚለብሰው ሽፋን ደግሞ ከአሳማ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አሳማ የማይነካ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ቀድሞ ቢጠይቅ ሌላ አማራጭ ይፈለግለታል፤ ከተሰፋ በኋላ መጠየቅ ግን ጸጸት ብቻ ነው።

ቦሌ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ መሆኗ ሌላ ዓይነት ታካሚም ያመጣል። የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን የሆነው መደበኛው ሜዲኬር ተነቃይ ጥርስንና አብዛኛውን የጥርስ ሕክምና ስለማይሸፍን፣ ለገናና ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ ጥርሱንም እግረ መንገዱን ሊያሠራ ቢያስብ አይፈረድበትም። ችግሩ እረፍቱ ሦስት ሳምንት ሆኖ አጥንቱ ወራት መፈለጉ ነው። "በአንድ ቀን ጥርስ" የሚባለው አሠራር የለም ወይ? አለ። የሊዝበኑ ፓውሎ ማሎ ካለፈው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ዐሥር ዓመታት ጀምሮ በአራት ኢምፕላንት ላይ ሙሉ ጥርስ በዚያው ቀን ማሰርን አስፋፍተዋል። የሚሠራው ግን ብሎኑ ሲገባ አጥንቱ አጥብቆ ለያዘው ሰው ነው፤ የዚያን ቀን የሚታሰረውም አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ጥርስ ነው። ታካሚው ዋሽንግተን ከተመለሰ በኋላ ብሎኑ ቢላላ የሠራው ሐኪም ቦሌ ነው። በመስከረም አስተክሎ በጥር መጥቶ ጥርሱን ማሰር ለአጥንቱም ለዓመት በዓሉም ይስማማል። ከሁሉ በላይ ለአጥንት መሳሳት ክኒን ወይም መርፌ የሚወስዱ እናቶች መድኃኒቱን ለሐኪሙ ማሳየት አለባቸው። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ከነቀላ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ሊያደርጉ እንደሚችሉ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ክኒን በሚወስዱት ላይ አደጋው ትንሽ ነው፤ ለካንሰር በደም ሥር በሚሰጣቸው ላይ ግን ከፍ ይላል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አይገባም። ስኳሩ ያልተስተካከለና ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ቁስሉ ቶሎ እንደማይድን ይወቅ።

ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ኢምፕላንቱም የአጥንት ዱቄቱም ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲተው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ይህን ዕዳ ለብዙ ቤተሰብ በምክር ማቅለል አይቻልም። ነገር ግን ክርክሬ ሁሉም ኢምፕላንት ያስተክል የሚል አይደለም። ጥርሱን አጥንቱን ሳይሰብሩ በዝግታ ማውጣት፣ ጠርዙን በልኩ መሞረድና መስፋት ያን ያህል ዶላር አይጠይቁም፤ በኋላ ለሚሠራው ርካሽ ተነቃይ ጥርስ እንኳ ትልቅ ውለታ ናቸው። ከባዱ ቀዶ ሕክምና እንደ የካቲት 12 ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች በሚሠሩ የአፍ፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞችም ሊታይ ይችላል። በተቃራኒው፣ ለተነቀለ ጥርስ ሁሉ አጥንት ካልሞላን የሚል ክሊኒክ ቢያጋጥም መጠርጠር ተገቢ ነው፦ ስፋቱን የለካው በምን ራጅ ነው? ሳይጨመር ቢቀር ምን ይሆናል? እዚያ ቦታ ላይ በርግጥ ጥርስ ሊተከል ታስቧል? ሐኪሙ "ምንም መጨመር አያስፈልግዎትም፤ ጠርዙን እሞርደዋለሁ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ መጥተው ልክዎን እንወስዳለን" ካለ ይህ የተሟላ መልስ ነው። ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ራጁንም ታካሚው ይዞ ይውጣ፤ ቀጣዩን ሥራ የሚሠራው ሌላ ክሊኒክ ሊሆን ይችላልና።