ቶራ፦ የዋልካው ሜዳ ቆርኬ

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በክረምቱ መውጫ ግራና ቀኙን የሚያየው ማሽላና ሰሊጥ ነው። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ሲዘንብበት እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የዛሬ 80 ዓመት ገደማ ግን አብዛኛው ሜዳ ሣርና ግራር ነበር። በሣሩም ላይ ቶራ የሚባለው የቆርኬ ዝርያ ይሰማራ ነበር።

ቶራን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከሌላ አውሬ ጋር አያምታታውም። ፊቱ ረጅምና ቀጭን፣ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ነው። ቆርኬ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን መቃኘት ይወዳል፤ በተለይ ወንዱ ከዚያ ላይ ሆኖ ግዛቱን ይጠብቃል። ቀጭኑ አፉ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በደረቀ ሣር መካከል የቀረችውን ለምለም ቅጠል ለይቶ ይነጫል። ሴቷ ስምንት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ ግልገሉም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሣር ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ሣሩ ከታረሰ ታዲያ እናቲቱ የምትበላውን ብቻ ሳይሆን ልጇን የምትሸሽግበትንም ታጣለች።

እንግሊዛዊው አዳኝና ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳር ሲዘዋወር ቆርኬን አግኝቶታል፤ በ1867 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም በዐረብኛ ስሙ ቴቴል እያለ ጽፎለታል። ቶራ የሚለው ስም በሳይንሱ መዝገብ የሰፈረው በ1873 ነው።

ዋናው ለውጥ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በ1944 አካባቢ ሱዳንን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ለወታደሮቹ ቀለብ ሲል በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር ማሽላ ማምረት ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላም እርሻው እየሰፋ ሄዶ ገዳሪፍ የሱዳን የእህል ጎተራ ሆነች። ከጎንደር ቆላና ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ላቡን ያፈሰሰው የቀን ሠራተኛም ከዚሁ እርሻ እንጀራውን አግኝቷል። ስለዚህ ገበሬውን ማውገዝ ፍትሕ አይሆንም። ጥፋቱ ሁሉም ሲታረስ ለዱር እንስሳት መተላለፊያ የሚሆን ሣር ሳይከለል መቅረቱ ላይ ነው።

በአካባቢው ትልቁ ጥብቅ ስፍራ በ1935 የተቋቋመው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስፋቱ ከ10 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት የዲንደርና የራሃድ ወንዞች በፓርኩ ውስጥ ማያ የሚባሉ ረግረጋማ የሣር መስኮች ይተዋሉ፤ እንስሳቱ በጋውን የሚዘልቁት በእነዚህ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ዋልካው ይጨቀያል፣ ዝንቡም ይበዛል። የቆርኬው ዘመድ ቲያንግ በዚህ ወቅት ፓርኩን ለቆ ወደ ሰሜኑ ሜዳ ይወጣ ነበር። ዛሬ በዚያ የሚጠብቀው እርሻና ጠመንጃ ነው። ግጦሹ የታረሰበት አርብቶ አደር በበኩሉ ከብቱን ወደ ፓርኩ ይነዳል። በበጋ ብቻ የሚጠብቅ ፓርክ እንስሳውን የሚያድነው በግማሽ ነው።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቶራን እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተርታ መድቦታል፤ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ይህ በቀላሉ የሚታይ ቁጥር አይደለም። የሰሜን አፍሪካው ቆርኬ በዱር ተመናምኖ፣ በሰው እጅ የነበረው የመጨረሻው በ1923 ፓሪስ ውስጥ ሞቷል። በአንጻሩ የስዌይን ቆርኬ ከሶማሊያ ምድር ቢጠፋም በሻሸመኔ አቅራቢያ ባለችው የሰንቀሌ መጠለያ እስከ ዛሬ ይራባል። ሰንቀሌ ከ60 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰች ናት፤ ትንሽ ሣርም ከልብ ከተጠበቀ ዘር ያተርፋል።

ለቶራ እንዲህ ያለ ዕድል ሊገኝ የሚችለው በቋራ በኩል ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. የተከለለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከዲንደር ጋር ድንበር ይጋራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሃንስ ባወር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በዚያ ካሜራ አጥምደው፣ የውጭው ዓለም መኖራቸውን ያላረጋገጠላቸውን አንበሶች ፎቶ አንሥተዋል። ተመሳሳይ ፍለጋ ለቶራም ይገባዋል። ከ2023 ጀምሮ በሱዳን የቀጠለው ጦርነት በዚያ ማዶ ያለውን ጥበቃ ሲያከብደው፣ በዚህ በኩል ያለው ኃላፊነት ይብሳል።

በቋራ፣ በመተማ ወይም በገዳሪፍ በኩል የምትንቀሳቀሱ ገበሬዎች፣ እረኞችና የሰሊጥ ሠራተኞች፣ ፊቱ የረዘመ ቀይ ቡናማ እንስሳ ኩይሳ ላይ ቆሞ ካያችሁ አትተኩሱበት። ቀኑንና ቦታውን ያዙና በአቅራቢያችሁ ላለ የፓርክ ጠባቂ ንገሩ።